ሁለት ጥያቄ ነው፤ ሁለት ደብዳቤ እንጻፍ

በቂርያት ዔቅሮን ለተሰበሰቡ ወላጆችና ወጣቶች የተደረገ ንግግር

 

ዛሬ የምንነጋገረው አገሩ ለተወረረበት ሕዝብ ሌላ አገር ድጋፍ ይስጥ ወይስ አይስጥ በሚለው ክርክር ላይ ነው። «የራሳችን ጉዳይ አልቆ ነው የሰው አገር ጉዳይ የምናወራው?» የሚል እንደሚኖር እናውቃለን። ጥያቄው ጥሩ ነው። ስብሰባውንም የጠራነው በዚሁ ጥያቄ ምክንያት ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ስለሆነ ሽማግሌዎቻችን ይህን ልብ ይበሉልን።

ሩሲያ በፌብሩዋሪ 24 ቀን 2022 ዩክሬንን ከወረረች ወዲህ በሰፈራችን ብዙ ተብሏል። በአንድ ሕንፃ ውስጥ ከሩሲያ የመጣ፣ ከዩክሬን የመጣና ከጎንደር የመጣ ቤተሰብ በር ለበር ይኖራል። በዚህ ክርክር ሰላምታ እስከ ማቋረጥ የደረሱ አሉ። እኛ በመምህራን ማሠልጠኛ የምንሠራ ሰዎች ደግሞ ለልምምድ ወደ ክፍል የምንልካቸው ወጣት መምህራን የሰሙትን ይዘውልን ይመጣሉ። ከዩክሬን አዲስ ለመጣ ልጅ የእኛ ልጅ «ለእናንተ በሳምንት ውስጥ አውሮፕላን ተላከ፤ አያቴ ጎንደር ተቀምጣ ስንት ዓመቷ ነው?» ብሎታል። ያ ልጅ ምን ይመልስ? እሱ የመጣው አባቱን ድንበሩ ላይ ተሰናብቶ ነው፤ ለውትድርና የደረሱ ወንዶች ከአገር እንዳይወጡ ተከልክለው ነበርና። የእኛም ልጅ ውሸት አልተናገረም። ወጣቷ መምህርት በመካከላቸው ቆማ የምትለው ጠፋት።

በየቤቱ ከሚባለው ውስጥ የሚደጋገመው ይኸው «ከራስ በላይ ንፋስ፤ መጀመሪያ የእኛ ወገን ይምጣ» የሚለው ነው። «ሩሲያ የኢትዮጵያ የቆየች ወዳጅ ናት፤ በእሷ ላይ አንናገርም» የሚሉ አሉ። «እስራኤል ትንሽ አገር ናት፤ ኃይለኛውን አታስቆጣ፣ ዝም ትበል» የሚሉም አሉ። እነዚህን ቃላት የሚናገሩት ክፉ ሰዎች አይደሉም። ግን ቃላቱ አዲስ አይደሉም። በ1935 እና በ1936 በለንደን፣ በፓሪስ፣ በጄኔቫና በኒውዮርክ ስለ ኢትዮጵያ ተብለዋል። ያኔ ድጋፍ ይሰጣት፣ አይሰጣት ተብሎ የሰው አገር አዳራሽ ውስጥ ክርክር የተደረገባት አገር የእኛ የትውልድ አገር ነበረች። ስለዚህ ወጣቶቹ እንዲሰሙት ያንን ታሪክ ትንሽ ዘርዘር አድርገን እንናገራለን።

የጣሊያን ጦር በኦክቶበር 3 ቀን 1935 ጦርነት ሳያውጅ መረብን ተሻገረ። ኢትዮጵያ ከ1923 ጀምሮ የመንግሥታት ማኅበር አባል ስለነበረች አቤቱታዋን ወደዚያው አቀረበች። ማኅበሩም ቶሎ ፈረደ፤ በሳምንቱ ውስጥ 50 የሚሆኑ መንግሥታት ጣሊያን ወራሪ ናት አሉ። በወረቀት ላይ ከዚህ የበለጠ ድል አይገኝም። ከኖቬምበር 18 ቀን ጀምሮም በጣሊያን ላይ ማዕቀብ ተጣለ። ታዲያ በማዕቀቡ ዝርዝር ውስጥ ምን ነበረበት? ወደ ጣሊያን እንዳይላኩ ከተከለከሉት ነገሮች መካከል ፈረስ፣ በቅሎ፣ አህያና ግመል ነበሩ። ነዳጅ ግን አልነበረም። የብስና የባሕር መንገዱን ሁሉ በሞተር ለሚሄድ፣ ቦምብ በአውሮፕላን ለሚጥል ጦር አህያ ከለከሉት፤ ቤንዚኑን ግን ሸጡለት። የስዌዝ ካናልም አልተዘጋም፤ ወታደርና መድፍ የጫኑት የጣሊያን መርከቦች የማለፊያ ክፍያቸውን እየከፈሉ ወደ ምጽዋ አለፉ። ሙሶሊኒ ራሱ ነዳጅ ተከልክሎ ቢሆን ኖሮ በሳምንት ውስጥ ከኢትዮጵያ ለመውጣት እገደድ ነበር ብሎ ለሒትለር እንደነገረው በቦታው የነበረው አስተርጓሚ ጽፏል።

ከዚህም በፊት አንድ ሌላ ነገር ተደርጎ ነበር። እንግሊዝ በጁላይ 1935 ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም አለች። አሜሪካም በኦገስት 31 ቀን 1935 የገለልተኛነት ሕግ አውጥታ ለሁለቱም ከለከለች። «ለሁለቱም» የሚለው ቃል ፍትሕ ይመስላል። ጣሊያን ግን የአውሮፕላን፣ የመድፍና የመርዝ ጋዝ ፋብሪካ ነበራት፤ ኢትዮጵያ ከውጭ ካልገዛች የጥይት ቀለህ እንኳ በበቂ አታገኝም ነበር። ለጠገበውና ለተራበው እኩል እንጀራ መከልከል ማለት ነው። የመንግሥታት ማኅበር በኦክቶበር የመሣሪያ ክልከላውን ከኢትዮጵያ ላይ ቢያነሣም ጊዜው አልፎ ነበር። ይህን የምናነሣው ዛሬም «እኛ ለማንም አንሰጥም፣ ገለልተኛ ነን» የሚለው ቃል በየዜናው ስለሚሰማ ነው። ገለልተኛ መሆን የማን ሸክም እንደሚያቀልና የማን ሸክም እንደሚያከብድ ማየት ያስፈልጋል።

በሕዝብ ዘንድ የነበረው ክርክርም ሞቅ ያለ ነበር። በእንግሊዝ በ1935 አጋማሽ ውጤቱ በተገለጸው የሰላም ድምፅ አሰጣጥ ከ11 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ተሳትፈው እጅግ የሚበዙት በወራሪ ላይ የኢኮኖሚ ማዕቀብ ይጣል ብለዋል። በዲሴምበር የእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሙኤል ሆርና የፈረንሳዩ ፒየር ላቫል የኢትዮጵያን ሰፊ መሬት ለጣሊያን ሰጥተው ጉዳዩን ለመዝጋት በስውር ሲስማሙ፣ ነገሩ በፓሪስ ጋዜጦች ወጣ። የእንግሊዝ ሕዝብ ተቆጣ፤ ሆር በዲሴምበር 18 ቀን ከሥልጣኑ ለቀቀ። ስለዚህ ተራ ሰው መናገሩ ዋጋ የለውም የሚሉን ሰዎች ይህን ይወቁት፤ ተራ ሰው ተናግሮ ሚኒስትር አስወርዷል። ኢትዮጵያን ግን አላዳነም፤ ሚኒስትሩ ሄደ፣ ነዳጁ ቀጠለ።

በሌላው ወገን ደግሞ «ኢትዮጵያ ባሪያ የምትሸጥ አገር ናት፤ ለእንደዚህ ያለች አገር ስለምን እንቆማለን?» የሚሉ ነበሩ። ጣሊያን በሴፕቴምበር 1935 ይህንኑ የሚያትት ወፍራም ሰነድ ለማኅበሩ አቅርባ ነበር። ኤቭሊን ዎን የመሰሉ የታወቁ የእንግሊዝ ደራሲዎችም ለጣሊያን አዘነበሉ። እዚህ ላይ ሳንሸፋፍን እንናገር። ባርነት በኢትዮጵያ ነበር። እኛ ቤተ እስራኤልም ከርስት ተነቅለን፣ ጭሰኛ ሆነን፣ ቡዳ እየተባልን የኖርንባት አገር ናት። ግን የመርዝ ጋዙ የተረጨው በባሪያ ፈንጋዩና በባሪያው ላይ ለይቶ አይደለም። የቤት ገመና አለብህ ተብሎ ቤትህ ይቃጠል አይባልም።

በአሜሪካ ጥቁሮች በሐርለም አደባባይ በሺህ እየሆኑ ወጡ፤ ለመዝመት የተመዘገቡም ብዙ ነበሩ፤ የአሜሪካ ሕግ ግን ለሌላ አገር መዋጋትን ስለሚከለክል አብዛኞቹ ቀሩ። ከቺካጎ የመጣው አውሮፕላን አብራሪ ጆን ሮቢንሰን ግን ደርሶ በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ አገልግሏል። በዚያው ከተማ፣ በዚያው መንገድ ከጣሊያን የመጡ ስደተኞች ደግሞ የጋብቻ ቀለበታቸውን ለሙሶሊኒ ያዋጡ ነበር። እነዚያም እነዚህም የአንድ ሕንፃ ጎረቤቶች ነበሩ። በእኛ ሰፈር የሚታየው ነገር ያኔም ነበር ማለታችን ነው።

ሜክሲኮም አለች። አዲስ አበባ የኖራችሁ ሁሉ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» እያለ የሚጠራውን የታክሲ ረዳት ታስታውሳላችሁ። ያ አደባባይ ስሙን ያገኘው ሜክሲኮ የጣሊያንን ወረራ አልቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ስለነበረች ነው። ጦር አልላከችም፤ ለመላክ አቅሙም አልነበራት። ቃሏን ብቻ አልለወጠችም። ይኸው ስሟ ስንት ዓመት ሙሉ በረዳት አፍ ይጠራል።

የቀረውን አሳጥረን እንለፈው። በማርች 31 ቀን 1936 ማይጨው ላይ ውጊያ ሆነ። በማግስቱ፣ በኤፕሪል 1 ቀን፣ የጣሊያን ጦር ጎንደር ገባ፤ ያ ማለት ወገራና ደምቢያ፣ የእናቶቻችንና የአባቶቻችን መንደሮች ማለት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በጅቡቲ በኩል በእንግሊዝ የጦር መርከብ በሜይ 8 ቀን ሐይፋ ወረዱ። አዎን፣ የእኛው ሐይፋ፤ ከዚያም ወደ ኢየሩሳሌም። በጁን 30 ቀን ጄኔቫ ሄደው ሲናገሩ የጣሊያን ጋዜጠኞች አዳራሹ ውስጥ ፉጨት ለቀቁባቸው። በጁላይ ማዕቀቡ ተነሣ። በአዲስ አበባ የቤተ እስራኤል ትምህርት ቤት ዲሬክተር የነበሩት ምሁራችን ታምራት አማኑኤልም በዚያ ዘመን ከተሰደዱት መካከል ነበሩ።

ድጋፉ በመጨረሻ መጣ፤ የመጣው ግን ጣሊያን በጁን 1940 በራሷ በእንግሊዝ ላይ ጦርነት ካወጀች በኋላ ነው። አርበኞች በየጫካው ለዓመታት ብቻቸውን ከተዋጉ በኋላ ማለት ነው። ከሱዳን ተነሥቶ ወደ ጎጃም የገባውን ኃይል ያዘዘው ኦርድ ዊንጌት ቀደም ሲል እዚህ አገር ያገለገለ መኮንን ነበር። ጦሩንም በመጽሐፈ መሳፍንት ባለው በጌድዮን ስም ጠራው፤ ጸሐፊው አብራሃም አካቪያ የተባለ የዚህ አገር አይሁዳዊ ነበር። በየሚን ኦርድ የወጣቶች መንደር የተማራችሁ እዚህ አላችሁ፤ የመንደሩ ስም የተሰጠው ለዚሁ ሰው መታሰቢያ ነው። ከእናንተ መካከል ይህን ነግሯችሁ የሚያውቅ አስተማሪ ያላችሁ እጃችሁን ብታወጡ ደስ ይለን ነበር። በኢትዮጵያ የመጨረሻው የጣሊያን ምሽግ የወደቀውም በኖቬምበር 27 ቀን 1941 በጎንደር ነው።

አሁን «ሩሲያ ወዳጃችን ናት» ወደሚለው እንምጣ። ይህን የሚሉት አባቶች ያለ ምክንያት አይሉም። ከአድዋ በኋላ፣ በ1896፣ የሩሲያ የቀይ መስቀል ሐኪሞች አዲስ አበባ ድረስ መጥተው ቁስለኛ አክመዋል። ሶቪየት ኅብረት የጣሊያንን ግዛት በኢትዮጵያ ላይ ዕውቅና አልሰጠችም። በ1977 ሶማሊያ ስትወርም የመጣው መሣሪያ የሞስኮ ነበር። በኤፕሪል 2022 በአዲስ አበባ በሩሲያ ኤምባሲ ደጃፍ ለሩሲያ ለመዝመት የተሰለፉ ወጣቶች በዜና ታይተዋል፤ ኤምባሲው ወታደር አልመለምልም ብሎ መግለጫ እስኪያወጣ ድረስ። በማርች 2 ቀን 2022 በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ 141 አገሮች ሩሲያ ከዩክሬን ትውጣ ብለው ሲወስኑ ኢትዮጵያ ድምፅ አልሰጠችም። በ1935 እና በ1936 ማንም ዝም አይበል ብላ የጮኸች አገር መሆኗን ስናስብ፣ ይህ ለእኛ የሚከብድ ዝምታ ነው።

ወዳጅነቱን አንክድም። ግን ሙሉውን እንቁጠረው። በ1935 እና በ1936 ሶቪየት ኅብረት በጄኔቫ ለማዕቀቡ ድምፅ እየሰጠች ለጣሊያን ነዳጅ ትሸጥ ነበር። ደግሞም ሶቪየት ኅብረት ማለት ሩሲያ ብቻ አልነበረችም፤ ዩክሬንም በውስጧ ነበረች። በኪየቭ፣ በኦዴሳና በካርኪቭ ተምረው ሐኪምና መሐንዲስ ሆነው የተመለሱ ኢትዮጵያውያን ስንት ናቸው? ምስጋናው ከተከፈለ ለሁለቱም ይከፈላል።

አሁን ደግሞ ሩቅ ወዳልሆነው፣ ብዙዎቻችሁ በዕድሜያችሁ ወደምታስታውሱት እንሂድ። የዛሬው ንግግራችን ዋና ነገር እዚህ ላይ ነው።

በጁላይ 1977 የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን ወረረ፤ በሴፕቴምበር ጅጅጋ ወደቀች። አሜሪካ ቀደም ብላ፣ በዚያው ዓመት መጀመሪያ፣ ደርግ ሰው ይገድላል በማለት የጦር ርዳታዋን ቀንሳ ነበር። ሐሰት አልነበረም፤ ቀይ ሽብር የአዲስ አበባንና የጎንደርን ወጣት በየመንገዱ የጣለው በዚያው ጊዜ ነው። እንግዲህ የተወረረች አገር አለች፤ የምትገዛው ደግሞ ልጆቿን በሚገድል መንግሥት ነው። ይረዳ ወይስ አይረዳ? በዋሽንግተን ክርክር ነበር፤ በሞስኮ ክርክሩ በዝግ ቤት አልቆ ከኖቬምበር ጀምሮ የጦር መሣሪያ በአውሮፕላን ጎረፈ፤ ከኩባም ከ15,000 የማያንሱ ወታደሮች መጡ። ጅጅጋ በማርች 1978 ተመለሰች።

እስራኤልስ? እስራኤልም ረድታለች። ጠቅላይ ሚኒስትር ሜናኼም ቤጊን በጁላይ 1977 ዋሽንግተን ሲሄዱ ፕሬዚዳንት ካርተር ለኢትዮጵያ ድጋፍ እንዲሰጡ ጠይቀዋል። እስራኤል ራሷም በኢትዮጵያ እጅ ለነበረው የአሜሪካ መሣሪያ መለዋወጫና ጥይት በምስጢር ትልክ ነበር። አስገራሚው ነገር፣ እስራኤልና ኩባ፣ እስራኤልና ሞስኮ በአንድ ወገን የቆሙበት ጊዜ ይኸው ነው። እስራኤል ይህን ያደረገችው ለኢትዮጵያ አዝና ብቻ አልነበረም፤ ቀይ ባሕር የዐረብ ሐይቅ እንዳይሆን ትሠጋ ነበር። ግን ቤጊን አንድ ነገር ጨመሩበት፤ መሣሪያ ይዞ የሄደው አውሮፕላን ሲመለስ ባዶውን አይመለስ፣ ቤተ እስራኤልን ይዞ ይምጣ አሉ። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ተስማሙ። በኦገስትና በዲሴምበር 1977 በሁለት ጉዞ ወደ 120 የሚሆኑ ወገኖቻችን መጡ።

ከዚያ በፌብሩዋሪ 1978 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሞሼ ዳያን በስዊዘርላንድ ለጋዜጠኞች ሲናገሩ እስራኤል ለኢትዮጵያ መሣሪያ እንደምትሸጥ ገለጹ። ለምን እንደተናገሩት እስከ ዛሬ ያከራክራል። የሆነው ግን ይታወቃል። ደርግ በዐረብ አገሮች ፊት ተጋለጠና ግንኙነቱን ቆረጠ፤ የመሣሪያው መንገድ ተዘጋ፤ የእኛ መንገድ አብሮ ተዘጋ። ሰነዱን ሰብስበው፣ ዕቃቸውን ሸጠው ተራቸውን ሲጠብቁ የነበሩ ሰዎች ቀሩ። ከዚያ በኋላ ወገኖቻችን በእግራቸው ወደ ሱዳን መውጣት ጀመሩ። በመንገድና በመጠለያው ጣቢያ ስለቀሩት 4,000 ስለሚሆኑት ወገኖቻችን በዚህ አዳራሽ መንገር አያስፈልገንም፤ በየቤታችሁ ስማቸው አለ።

አባቶቻችን «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል» ይላሉ። በ1977 የተተከለልን ባላ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የመሣሪያ ንግድ ነበር። የሰው ጥያቄያችን በሰው ጦርነት ላይ ተንጠለጠለ። ከሽማግሌዎቻችን አንዱ ይህን ስንላቸው «ባይንጠለጠል ኖሮ እነዚያ 120ዎቹም አይመጡም ነበር» ብለውናል። እውነታቸውን ነው፤ የመጡት ዛሬ የልጅ ልጅ አይተዋል፤ ማንም ባልመጡ አይልም። ቤጊንንም ያገኙትን በር በማንኳኳታቸው አንወቅሳቸውም። እኛ የምንለው ግን ያኔ ሌላ በር አልነበረም፤ ዛሬ አለ። ዛሬ ዜጎች ነን፤ ድምፅ እንሰጣለን፤ በክነሴት ተቀምጠው የተናገሩ፣ ሚኒስትር የሆኑ ልጆች አሉን። በሌላ ሰው ጦርነት ጀርባ ላይ ካልታዘልን አንሰማም የምንልበት ጊዜ አልፏል።

በ2022 ግን ያንኑ ገመድ በገዛ እጃችን ስናስር ታየን። ነገሩ እንዲህ ነበር። በኖቬምበር 2021 መንግሥት ከኢትዮጵያ ወደ 3,000 ሰዎች እንዲመጡ ወስኖ ነበር። በ2022 መጀመሪያ ውሳኔው በባጋጽ ጊዜያዊ እገዳ ተደርጎበት እስከ ማርች ቆየ። ልክ በዚያው ሳምንታት ከዩክሬን የሚመጡትን ለመቀበል ሆቴል ተከራዩ፣ አውሮፕላን ተዘጋጀ፣ በቤን ጉርዮን አበባ ተያዘ። እናቶቻችን ይህን በቴሌቪዥን እያዩ ያለቀሱት እንባ የቅናት እንባ አይደለም። ልዩነቱን ሕጉ ያብራራዋል፤ ከዩክሬን የመጡት አብዛኞቹ ዖሊም በሖክ ሃሽቩት የሚገቡ ናቸው፤ ጎንደርና አዲስ አበባ ያሉት ደግሞ መንግሥት በየጊዜው በሚያወጣው ውሳኔና ኮታ ነው። ሕጉ ያብራራዋል አልን እንጂ ትክክል ያደርገዋል አላልንም። እናት ከልጇ ተለይታ ሃያ ዓመት እንድትቀመጥ የሚያደርግ ውሳኔ ሰው የሚወስነው ነው፤ ሰው ይለውጠዋል።

ግን ይህን የወሰነው ማን ነው? የወሰኑት የእኛው ሚኒስትሮች በኢየሩሳሌም ናቸው። ከካርኪቭ ቦምብ ሸሽታ የመጣች ሴት በዚያ ስብሰባ ላይ አልተቀመጠችም። አይሁዳዊ ያልሆኑት ዩክሬናውያንማ እነሱም በቁጥር ነበር የሚገቡት፤ የጊዜው የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር አየለት ሻኬድ ገደብ አውጥተውባቸው በየጋዜጣው ክርክር ተነሥቶ ነበር። ስለዚህ በኮታ የሚንገላታው ሰው በኮታ የሚንገላታውን ሌላ ሰው ቢጣላ የሚደሰተው ኮታውን ያወጣው ነው።

የመንግሥት ድጋፍ እንዴት እንደሚዋዥቅም እንመልከት። በማርች 2022 ጠቅላይ ሚኒስትር ናፍታሊ ቤኔት በሰንበት ወደ ሞስኮ በርረው ለማስታረቅ ሞከሩ። ፕሬዚዳንት ዜለንስኪ በማርች 20 ቀን ለክነሴት አባላት በስክሪን ተናግረው ኪፓት ባርዘልን ለምን አትሰጡንም አሉ፤ ቴል አቪቭ በሐቢማ አደባባይ ሺዎች ሆነው አዳመጧቸው። አንዳንድ የክነሴት አባላት ጦርነቱን ከሸዋ ጋር በማመሳሰላቸው ተቆጡ። እስራኤል መሣሪያ አልሰጠችም፤ በምዕራብ ዩክሬን የመስክ ሆስፒታል አቋቁማ ሐኪሞች ላከች፤ ምክንያቱም የሩሲያ ጦር ያን ጊዜ በሶሪያ ሰማይ ላይ ስለነበረ ነው። ፍርሃቱ ከንቱ ነው አንልም። እንግሊዝም በ1935 ስለ መርከቦቿና ስለ ሒትለር ፈርታ ነበር። ፍርሃትን ፍርሃት ብሎ መጥራት ይቻላል፤ «የተወረረውም ጥፋት አለበት» ብሎ ማስዋብ ግን አያስፈልግም። በ2022 በተባበሩት መንግሥታት ከ141ዱ ጋር ድምፅ የሰጠችው እስራኤል፣ በፌብሩዋሪ 24 ቀን 2025 ዩክሬን ያቀረበችውን ውሳኔ ከአሜሪካና ከሩሲያ ጋር ሆና ተቃውማለች። በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲህ በሚገለባበጥ ነገር ላይ የአያቶቻችንን ጉዳይ ልንሰቅል ነው?

ከኦክቶበር 7 ቀን 2023 በኋላ እስራኤል ራሷ በሌሎች አገሮች አደባባይ ትደገፍ፣ አትደገፍ ተብሎ የተጮኸባት መሆኗን እናውቃለን፤ ከልጆቻችንም የወደቁ አሉ። እሱ ራሱን የቻለ ሰፊ ጉዳይ ስለሆነ ዛሬ አንገባበትም፤ ሌላ ምሽት ያስፈልገዋል።

ስለዚህ ያዘጋጀነው ይህን ነው። በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ አንድ ደብዳቤ አለ። ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት፣ ለአገር ውስጥ ጉዳይና ለዓልያና ቅሊታ ሚኒስቴር የተጻፈ ነው፤ በጎንደርና በአዲስ አበባ የሚጠብቁት ዘመዶቻችን መዝገብ እንዲመረመርና ቀን እንዲቆረጥለት ይጠይቃል። ዩክሬን የሚል ቃል በውስጡ የለም። በመስኮቱ በኩል ባለው ጠረጴዛ ላይ ሌላ ደብዳቤ አለ። ለውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና ለክነሴት አባላት የተጻፈ ሲሆን፣ ከኢትዮጵያ የመጣን ዜጎች እንደመሆናችን በ1935 የደረሰብንን አስታውሰን እስራኤል ለተወረረው ሕዝብ የምትሰጠውን የሕክምናና የሰብዓዊ ድጋፍ እንድታጠነክር፣ በተባበሩት መንግሥታትም ወረራን ወረራ እንድትል ይጠይቃል። ጎንደር የሚል ቃል እዚያ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ይገኛል፤ እሱም በ1936 ስለገባው የጣሊያን ጦር ሲናገር ነው።

አንዱን ፈርሞ ሌላውን መተው ይቻላል። በዩክሬን ጉዳይ ከእኛ የማይስማማ ሽማግሌ በበሩ በኩል ፈርሞ ቢሄድ ማንም አይጠይቀውም። ሁለቱም ደብዳቤዎች በዕብራይስጥና በአማርኛ ተጽፈዋል። ማንበብ ለማይችሉ አባቶችና እናቶች ወጣቶቹ አጠገባቸው ተቀምጠው እስከ መጨረሻው ያንብቡላቸው፤ «እዚህ ጋ ይፈርሙ» ብቻ ብሎ ጣት ማስነካት አይፈቀድም። በመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ የምትፈርሙ፣ የሚጠብቀው ዘመዳችሁን ስም፣ ዝምድናውንና የተመዘገበበትን ዓመት በተያያዘው ቅጽ ላይ በዕብራይስጥ ሙሉ፤ የስሙ ፊደል በፓስፖርቱ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን አረጋግጡ፤ በፊደል ልዩነት ብቻ የተመለሰ መዝገብ ብዙ አይተናል። አዳራሹን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነው የሰጡን፤ በዕብራይስጡ ሰዓት ማለታችን ነው። አሁን ጥያቄ ያላችሁ ተናገሩ፤ መጀመሪያ ግን ከኋላ ቆመው የቆዩት እናቶች ወንበር ይሰጣቸው።